ለድዋርፍ ፎርትረስ የትኛውን ግራፊክስ ፓክ ልምረጥ? ስክሪኔ 1366 በ768 ነው

የኪቶ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ድዋርፍ ፎርትረስን የምትጫወቱ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይም ግራፊክስ ፓክ (የጨዋታውን ምልክቶች በሥዕል የሚተካ የፋይሎች ጥቅል) ቀይራችሁ የምታውቁ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው የመጣሁት። ያለሁት ጅማ ነው። የምጫወተው በቆየ ላፕቶፕ ሲሆን ስክሪኑ 1366 በ768 ፒክስል፣ ራሙም 4 ጊጋባይት ነው። የያዝኩት እትም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት ጨዋታ መሸጫ መሸጥ የጀመረው ባለ ሥዕሉ ሳይሆን፣ ከእሱ በፊት የነበረውና በነጻ የሚሰጠው 0.47.05 ነው፤ ጓደኛዬ በፍላሽ ገልብጦ ሰጥቶኝ ጀመርኩ። አዲሱን ለመግዛት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ በእጄ የለም። ስለዚህ መልሳችሁ በዚህ በቆየው እትም ላይ ቢያተኩር ይጠቅመኛል።

ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ይህን ቢያነብ ግራ እንዳይገባው ባጭሩ ልናገር። ሰባት ድንኮችን ይዘን ተራራ ሥር እንሰፍራለን፤ ዓለቱን እየቆፈርን ምሽግ እናበጃለን፤ እርሻውን፣ ጠመቃውን፣ አንጥረኛውንና ሐኪሙን እናደራጃለን፤ ሕዝቡ ሲበዛና ሀብቱ ሲታወቅ ጎብሊኖች ሊወሩን ይመጣሉ። ይህ ሁሉ የሚታየው ግን በፊደልና በምልክት ነው። ድንኩ ፈገግ ያለ ክብ ፊት ነው፤ ውሻው ትንሹ የላቲን ዲ፣ ድራጎኑ ትልቁ ዲ ነው፤ አልጋው፣ በሩና ጠረጴዛውም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምልክት አላቸው። እኔ ምልክቶቹን በመጠኑ ለምጃቸዋለሁ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ኮድ ስመለከት ውዬ ማታ እንደገና ፊደል ላይ ማፍጠጥ ዓይኔን ያደክመኛል። ታናሽ እህቴም አጠገቤ ቁጭ ብላ መከታተል ትወዳለች፣ ሆኖም «ይኼ ምንድን ነው? ያኛውስ?» እያለች በጥያቄ ብቻ ምሽቱ ያልፋል።

በመሆኑም ወደ ግራፊክስ ፓክ ለመዞር ወስኛለሁ። ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። ፊበስ፣ ሜይዴይ፣ አይረንሃንድ፣ ስፔስፎክስ፣ ሜፍ የሚባሉትን በፎቶ አይቻቸዋለሁ፤ በፎቶ ሁሉም ያምራሉ፣ ከፎቶው ተነስቼ ግን የትኛው በእኔ ላፕቶፕ ላይ እንደሚሆን መለየት አልቻልኩም። አንዱን ለሙከራ ስጭነው ደግሞ አንድ እንግዳ ነገር አየሁ፤ መልእክቶችና የዕቃ ስሞች በሚጻፉበት ቦታ፣ በቃላቱ መካከል ጥቃቅን ሥዕሎች ገብተው ተገኙ። ይህ የፓኩ ጉድለት ነው ወይስ ሁሉም እንዲሁ ናቸው? ፓክ መጫን ጨዋታውን ያዘገየዋል ወይ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ብዙ የደከምኩበት ምሽግ አለኝ፤ ዓለሙን እንደ አዲስ ሳልፈጥር በእሱ ላይ ፓኩን መቀየር እችላለሁ ወይ?

አወቱ ዳር፦

ወንድሜ የኪቶ ልጅ፣ የስክሪንህን መጠን ከነቁጥሩ መጻፍህ በጣም ጥሩ ነው፤ ምርጫህን ግማሹን የሚወስነው እሱ ነውና። ብዙ ሰው ፎቶ አይቶ ፓክ ያወርዳል፣ ፎቶው የተነሣው ግን ከእሱ ስክሪን እጥፍ በሆነ ስክሪን ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በያዝከው እትም ውስጥ ጨዋታው የሚሣለው በአራት ማዕዘን ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ ሠንጠረዡም ወደ ጎን ቢያንስ 80፣ ወደ ታች ቢያንስ 25 ክፍሎች እንዲኖሩት ግዴታ ነው። እያንዳንዷ ክፍል አንድ ታይል ትባላለች። 1366ን ለ80 ብታካፍል ለአንድ ታይል 17 ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል። እንግዲህ ታይሉ 16 በ16 የሆነ ፓክ በስክሪንህ ላይ ሳይነካ፣ ሠዓሊው እንደ ሣለው ሆኖ ይወጣል፤ ወደ ጎን 85፣ ወደ ታች 48 ታይል ታያለህ ማለት ነው። ታይሉ 18 በ18 የሆነ ፓክ ግን 1440 ፒክስል ስፋት ይጠይቃል፤ ያ ስለማይገኝ ጨዋታው ሥዕሎቹን አጥብቦ ያስገባቸዋል። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ሥዕል አንዲት ፒክስል እንኳ ስትቀነስበት መስመሩ ይወፍራል ወይም ይጠፋል፣ ፊቱም ይደበዝዛል። ዓይንህን ለማሳረፍ ብለህ የጫንከው ፓክ ከፊደሉ ይልቅ የሚያደክምህ ያኔ ነው። 32 በ32 የሆነው ሜፍ በዚህ ስሌት 2560 ፒክስል ስለሚፈልግ ብቻውን ጭራሽ አይታሰብም።

እርግጥ ሜፍ የተሠራው ዲኤፍሃክ ለሚባለው የጨዋታው ማሻሻያ ከተሠራው፣ ቲደብሊዩቢቲ ከሚባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ጋር እንዲሄድ ነው፤ ይህ ፕሮግራም የካርታውን ታይልና የጽሑፉን ፊደል መጠናቸውን ለይቶ ስለሚያሳይ ጽሑፉ በትንሹ፣ ካርታው በትልቁ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ስሌቱ አይለቅህም። 1366ን ለ32፣ 768ንም ለ32 አካፍል፤ ሙሉ ስክሪንህ 42 በ24 ታይል ብቻ ይይዛል፣ ከዚያ ላይ በቀኝ በኩል ያለው ማውጫ ሲከፈት ድርሻውን ይወስዳል። በር ላይ ጎብሊን ሲመጣ ወታደሮችህና በሩ በአንድ ጊዜ ካልታዩህ ሥዕሉ ምንም ቢያምር ምን ይጠቅምሃል? ስለዚህ ለአንተ የምመክረው ያለ ማመንታት ከ16 በ16ቱ መካከል እንድትመርጥ ነው፤ ከጠቀስካቸው ውስጥ ፊበስ፣ ሜይዴይ፣ አይረንሃንድና ስፔስፎክስ ሁሉም በዚህ መጠን ይገኛሉ።

ሁለተኛው ማጣሪያ የእትም ቁጥር ነው። ፓኩ ለ0.47 የተዘጋጀ መሆኑን አረጋግጥ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው 0.40 ዛፎችን ግንድና ቅርንጫፍ ያላቸው፣ ብዙ ታይል የሚይዙ አድርጓቸዋል፤ ከዚያ በፊት አንድ ዛፍ አንድ ታይል ነበር። ስለዚህ ከ2014 በፊት የቀረ ፓክ ብትጭን ደኑ ትርጉም የሌለው የቅጠልና የግንድ ክምር ሆኖ ይታይሃል። ሥዕል ያልተሠራላቸው ፍጡራን ደግሞ ተመልሰው በፊደል ይመጣሉ፤ በዚያኛው ግን አትደንግጥ፣ ጉዳት የለውም።

ስለ ፍጥነት የጠየቅኸው ቀላል ነው። ጨዋታውን የሚያዘገየው ሥዕሉ አይደለም፣ ስሌቱ ነው። እያንዳንዱ ድንክና እንስሳ መንገዱን ሲፈልግ፣ ውሃው ሲፈስ፣ ፕሮሰሰሩ ያንን ሁሉ ያሰላል፤ ሥራው በአብዛኛው በአንድ ኮር (በፕሮሰሰሩ አንድ ክፍል) ላይ ስለሚወድቅም ሕዝብ ሲበዛ ይንቀራፈፋል። ተራ 16 በ16 ፓክ በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር ቢኖር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቲደብሊዩቢቲን ተጠቅመህ ከታች ያሉትን ደርቦች ጭምር አሳይ ስትለው ግን የመሣሉ ሥራ ስለሚጨምር በአንተ ላፕቶፕ ላይ ሊሰማህ ይችላል። ኢኒት በሚባለው የጨዋታው ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ስክሪኑ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ይሣል የሚለው ከፋብሪካው 50 ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ወደ 25 ብታወርደው ዓይንህ ልዩነቱን አያስተውለውም፣ ፕሮሰሰሩ ግን ትንሽ ይተነፍሳል።

ፓኮቹን አንድ በአንድ ከማሳደድ ደግሞ ስታርተር ፓክ የሚባለውን ጥቅል ብታገኝ ይሻልሃል። በውስጡ ብዙዎቹ ፓኮች ተሰብስበው አሉ፤ ፓይኤልኤንፒ በሚባለው ማስጀመሪያ መስኮት ላይ ስሙን መርጦ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ጥቅሉ ከበድ ስለሚል ግን የሞባይል ዳታህን ከምትጨርስበት፣ ያለው ሰው ፈልገህ በፍላሽ ብትቀዳው ይመረጣል።

ሠዓሊ ከሂርማታ፦

አወቱ ዳር ስለ መጠኑ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የማተሚያ ሥራ ላይ ስለሆንኩ፣ ዲዛይንም ስለምሠራ፣ በቃላቱ መካከል ስለገቡት ሥዕሎች ልመልስልህ፤ ይህ ነገር ፓኩን ለመምረጥ ራሱን የቻለ ትልቅ መለኪያ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

የፓኩን ፎልደር ክፈትና ታይልሴቱን፣ ማለትም ዋናውን የፒኤንጂ ፋይል በሥዕል ማያ ፕሮግራም ተመልከተው። ወደ ጎን 16፣ ወደ ታች 16፣ በድምሩ 256 ትንንሽ ክፍሎች ታያለህ። እነዚህ የድሮዎቹ የአይቢኤም ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙባቸው፣ ኮድ ፔጅ 437 የሚባለው የፊደላት ስብስብ ቦታዎች ናቸው። ጨዋታው ጽሑፍ ሲጽፍም ሆነ ካርታ ሲሥል የሚያነሣው ከእነዚሁ ከ256ቱ ነው፤ ለብቻቸው ከሚቀመጡት የፍጡራን ሥዕሎች በቀር ሌላ ጎተራ የለውም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የላቲኑ ነጠላ ሰረዝ ለምሳሌ በጽሑፍ ውስጥ ሰረዝ ነው፣ በካርታ ላይ ግን የሣርና የወለል ምልክት ሆኖ ያገለግላል። ሠዓሊው በእሱ ቦታ የሣር ጉንጉን ከሣለ፣ በመልእክቱ ውስጥ ሰረዝ ባለበት ሁሉ ሣር ይበቅላል። አንተ ያየኸው ይህንን ነው፤ ፓኩ አልተበላሸም፣ አጫጫንህም ልክ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የዕቃ ጥራት ምልክት ሲነካ ነው። እንደምታውቀው አንድ ጽዋ በጥሩ እጅ ሲሠራ ስሙ በሁለት የመደመር ምልክቶች መካከል ይጻፋል፣ ከዚያ ከፍ ሲል በኮከብ ምልክት፣ የጥበብ ሥራ ሲሆን ደግሞ ጨረር ባላት ትንሽ ፀሐይ ይታጀባል። ነጋዴዎች መጥተው ምን ልሽጥ፣ ምን ላስቀር ስትል የምታነበው እነዚህን ነው። ስለዚህ አንድን ፓክ ስትሞክር ቀድመህ ካርታውን አትመልከት፤ የዕቃ ዝርዝሩን ክፈትና ምልክቶቹ ሳይምታቱ መነበባቸውን እይ። ቀጥሎ አንድ ድንክ መርጠህ ስለ ስሜቱ የተጻፈውን ረጅም አንቀጽ አንብብ። እነዚህ ሁለቱ ያለ ድካም ከተነበቡ ፓኩ ለረጅም ምሽት ይሆናል። ካልተነበቡ ወይ ሌላ ምረጥ፣ ወይም አወቱ ዳር የጠቀሰውን ቲደብሊዩቢቲ ጨምር፤ የዚህ ፕሮግራም ስም ራሱ «ጽሑፍ ጽሑፍ ይሆናል» የሚል ሲሆን፣ ለጽሑፉ አንድ፣ ለካርታው ሌላ ፋይል እንዲኖር በማድረግ ሣሩ ከሰረዙ ላይ እንዲነሣ ያደርጋል። የሜፍን ትልልቅ ሥዕሎች ሳትወስድ ከ16 በ16 ፓክ ጋርም ልትጠቀምበት ትችላለህ፤ እኔ የማደርገው እንደዚያ ነው።

ከዚያ ወደ ካርታው ተመለስ። በዲዛይን ሥራ አንድ የታወቀ ነገር አለ፤ መደቡ ከጮኸ በላዩ ያለው አይታይም። ወለሉና ግድግዳው በዝርዝር የተሞላ፣ ድንጋዩ ሁሉ የተሰነጣጠቀ፣ ሣሩ ሁሉ የሚወዛወዝ የሚመስል ፓክ በፎቶ ልብ ይማርካል። ሰባ ድንኮች ሲርመሰመሱበት ግን ሰውና መሬት ይቀላቀላል። እኔ የምፈልገው ወለሉ ዝም ያለ፣ ፍጡሩ ጎልቶ የሚወጣ ፓክ ነው። ቁልቁለቱንና ዳገቱንም ለይተህ ተመልከት። በፊደሉ ጨዋታ ላይ ወደ ላይ ያቀና ሦስት ማዕዘን መውጫ፣ ወደ ታች ያቀና ደግሞ መውረጃ ነው፣ አያሳስትም። አንዳንድ ፓክ ሁለቱንም በተቀራራቢ ጥላ ብቻ ስለሚያሳይ ተራራማ ቦታ ላይ የትኛው መውጫ፣ የትኛው መውረጃ እንደሆነ ለማወቅ ጠቋሚውን ማንሸራተት ግድ ይላል። ውሃና ማግማ (የቀለጠ ዓለት) የሚጋሩት ያንኑ የሞገድ ምልክት ስለሆነ የሚለያቸው ቀለም ብቻ ነው። ብዙ ፓኮች የራሳቸውን የቀለም ፋይል ይዘው ይመጣሉ፤ ጨዋታው ያሉት ቀለሞች 16 ብቻ በመሆናቸው ሠዓሊው ቀዩን ወደ ቡናማ ቢያስጠጋው በሁሉም ቦታ ይለወጣል። ቀለም መለየት የሚቸግረው ሰው በቤቱ ካለ ይህን ፋይል በኖትፓድ ከፍቶ ቁጥሮቹን ማስተካከል ይችላል። የውሃውን ጥልቀት ደግሞ ከ1 እስከ 7 ባለው ቁጥር እንዲያሳይ ዲ ኢኒት በሚባለው ሌላው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ማዘዝ ይቻላል፤ 4 ከደረሰ ጀምሮ ድንኮቹ በፈቃዳቸው ስለማይገቡበት፣ ጉድጓድና ቦይ ለሚቆፍር ሰው ከየትኛውም የሚያምር ሞገድ ይልቅ ቁጥሩ ይበልጥበታል።

እህትህ አብራህ ትቀመጣለች ስላልክ አንድ ነገር ልጨምር። ፓክ ማለት የተዘጋ ዕቃ አይደለም፤ ፒኤንጂውን ከፍታችሁ ራሳችሁ ልትሥሉበት ትችላላችሁ። እኔ ለራሴ በወንበሩ ቦታ ላይ የጅማን በርጩማ ሥዬበታለሁ። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው፣ ሦስት እግር ያለው፣ መቀመጫው ጎድጎድ ያለው ማለቴ ነው። 16 በ16 ውስጥ ሦስቱን እግሮች ማሳየት አስቸጋሪ ነበር፤ ሦስቱም እኩል ውፍረት ሲኖራቸው ሹካ ይመስላል። መሃለኛውን እግር በአንዲት ፒክስል ብቻ፣ በጠቆረ ቀለም፣ ከሁለቱ ከፍ አድርጌ ሳሳጥረው ወደ ኋላ ሄደልኝ። የመቀመጫውንም ጎድጓዳነት ለማሳየት ከላይኛው ጠርዝ ሁለት ፒክስል ዝቅ ያለች አንዲት የጥላ መስመር በቃችው። ያ ምልክት በሌላም ቦታ ሊያገለግል ስለሚችል በርጩማው ያልታሰበበት ሥፍራ ሊታይ ይችላል፤ በቲደብሊዩቢቲ ግን «ይህ ሥዕል ለወንበር ብቻ» ብሎ መለየት ይቻላል። ልጅቷ የሥዕል ፍላጎት ካላት ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

የአጋሮው፦

የሁለቱንም ጽሑፍ በጥሞና አንብቤያለሁ፤ ሁለቱም የሚያውቁትን ነው የጻፉት። እኔ ግን ለፊደሉ ልከራከርለት። የምከራከረውም ከጽናት ወይም ከልማድ ብዬ ሳይሆን፣ ጨዋታውን በማወቅ ረገድ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው።

የኪቶ ልጅ፣ እስካሁን የተማርከው ከየት ነው? ይህ ጨዋታ ከወጣበት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የተጻፉት መማሪያዎችና ጥያቄና መልሶች አብዛኞቹ በፊደሉ ነው የሚናገሩት፤ «እንዲህ ያለ ምልክት ካየህ ማዕድን ነው» ሲሉህ አንተ የምታየው የሌላ ሰው ሥዕል ከሆነ መማሪያውና ስክሪንህ አይገናኙም። ፊደሉን የለመደ ሰው የትም ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥ፣ ምንም ሳይጭን፣ ያነበዋል። ፓክ ሲቀየር ግን እንደገና መልመድ አለ። ሌላው ደግሞ ሥዕል የሚያሳየው ሠዓሊው የሣለውን ብቻ መሆኑ ነው። ጨዋታው ስለ አንድ ድራጎን ቅርፊቱን፣ ጠባሳውንና ዕድሜውን በቃላት ይነግርሃል። ትልቁ ዲ ይህን ሁሉ ትሸከማለች፣ ባለ 16 ፒክስሉ ድራጎን ግን ሁልጊዜ ያው አንድ ድራጎን ነው። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያዎቹን 14 የቪዲዮ ጨዋታዎች ወደ ስብስቡ ሲያስገባ ድዋርፍ ፎርትረስ አንዱ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ጨዋታው ከሠሪዎቹ እጅ የሚወጣው በፊደል መልክ ብቻ ነበር።

የዓይንህ ድካም ግን እውነተኛ ችግር ስለሆነ ችላ አልለውም። እኔ እንደማስበው የሚያደክምህ ፊደሉ ሳይሆን የፊደሉ ቅርፅ ነው። አብሮት የሚመጣው የመጀመሪያው ታይልሴት ታይሉ 8 በ12 ነው፤ ቁመቱ ከወርዱ ስለሚበልጥ አምስት በአምስት አድርገህ የቆፈርከው ክፍል ረዝሞ ይታያል፣ ርቀትን በዓይን መገመትም ያስቸግራል። ከጨዋታው ጋር የሚመጣ 16 በ16 የሆነ ካሬ የፊደል ታይልሴት አለ። በኢኒት ፋይሉ ውስጥ የፋይሉን ስም በእሱ ቀይርና ጥቁሩንም መደብ በቀለም ፋይሉ ወደ ጥቁር ግራጫ ለስለስ አድርገው። ይህን ለጥቂት ምሽቶች ሞክረውና ካልተስማማህ ወደ ፓክ ሂድ። የድንኮቹን ሙያ ለመለየትም ቀለሙ ይበቃሃል፤ ገበሬው ቡናማ፣ የእንጨት ሠራተኛው ቢጫ ነው።

የኪቶ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአጋሮው ወንድሜ፣ ካሬውን ታይልሴት ዛሬ ሞክሬዋለሁ፤ ክፍሎቹ በእርግጥ ክፍል መሰሉ፣ ለብቻዬ ስጫወትም በዚሁ የምቆይ ይመስለኛል። ከእህቴ ጋር ስሆን ግን ሥዕል ያስፈልገናል፤ እሷ ገበሬውንና እንጨት ሠራተኛውን በቀለም ብቻ እንድትለይ መጠበቅ ይከብዳል። ሠዓሊ ከሂርማታ፣ ስለ በርጩማው የጻፉትን ሳነብላት ሦስተኛው እግር ለምን እንዳጠረ ገብቷት ወዲያው ደብተር አውጥታ ካሬ ማስመር ጀምራለች።

በሰጣችሁኝ መለኪያ ፊበስንና ስፔስፎክስን ለመጨረሻ ምርጫ አስቀርቻለሁ። አሁን የቀረኝ ስለ ምሽጌ ነው። ምሽጉ ላይ ሰማንያ ያህል ድንኮች አሉ፣ ላጣው አልፈልግም። እንዲሁም በየጊዜው ፊደልና ሥዕል እያቀያየርኩ ልጫወት እችላለሁ ወይ?

አወቱ ዳር፦

ትችላለህ፤ ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቅ።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ዓለሙ ሲፈጠር ጨዋታው «ሮው» የሚባለውን ፎልደር ወደ ሴቭህ ውስጥ ገልብጦ የሚያስቀምጠው መሆኑን ነው። ይህ ፎልደር ስለ ፍጡራኑ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ዕፅዋቱ መግለጫውን ሁሉ፣ የፍጡራኑንም ሥዕል የያዘ ነው። ስለዚህ ፓኩን በዋናው የጨዋታ ፎልደር ላይ ብቻ ብትጭን ታይልሴቱ ይለወጣል፣ የቀድሞው ምሽግ ግን አሮጌውን ሮው ይዞ ይቀጥላል። ውጤቱ ግማሽ ፊደል፣ ግማሽ ሥዕል የሆነ፣ አንዳንዱም ቦታውን የሳተ ካርታ ይሆናል። ፓይኤልኤንፒን ካገኘህ ሴቮችን የሚያድስ ቁልፍ ስላለው ይህን ራሱ ይሠራልሃል። በእጅህ የምታደርገው ከሆነ ግን እንዲህ አድርግ። በመጀመሪያ ጨዋታውን ዝጋ። ከዚያ በዳታ ውስጥ ያለውን የሴቭ ፎልደር ሙሉ በሙሉ ወደ ፍላሽ ገልብጥ፤ ይህን ሳታደርግ ወደሚቀጥለው አትለፍ። ከዚያ በኋላ በሴቭህ ውስጥ ባለው ሮው ላይ የፓኩን የግራፊክስ ፎልደርና፣ ፓኩ ይዞት ከመጣ፣ «ኦብጀክትስ» የሚለውን ጭምር በላዩ ላይ ገልብጥ። በመጨረሻ በኢኒት ፋይሉ ውስጥ የግራፊክስ መስመሩ «የስ» መሆኑንና የታይልሴቱ ስም በሁለቱም ቦታ መጻፉን ተመልከት፤ አንደኛው ለመስኮት፣ ሌላኛው ለሙሉ ስክሪን ስለሆነ አንዱ ከቀረ ስክሪኑን ስታሰፋ ፊደሉ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ኦብጀክትስ ውስጥ ያለው ሥዕል ሳይሆን የዓለሙ ሕግ ነው። ፓኩ ምልክቶቹን ብቻ የሚቀይር ከሆነ ጉዳት የለውም። ከሌላ እትም የመጣ ከሆነ ወይም አዳዲስ ፍጡራንና ዕቃዎች የሚጨምር ከሆነ ግን ምሽግህ ከተፈጠረበት ሕግ ጋር ይጋጫልና አትንካው። ፊበስም ሆነ ስፔስፎክስ የ0.47 ቅጂያቸውን ከወሰድክ ለያዝከው ዓለም ይሆናሉ። መመላለሱ ደግሞ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት የጨዋታ ፎልደር አስቀምጥ፤ አንዱ ፊደል፣ አንዱ ሥዕል ይሁን። ሴቩን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትወስድ ሮውን እንደሚገባው መቀየር ብቻ ነው። እኔ ግን ያንኑ አንድ ምሽግ በየማታው ከማመላለስ፣ ከእህትህ ጋር የራሳችሁን አዲስ ምሽግ ብትጀምሩ እመርጣለሁ፤ ከመጀመሪያው ሰባት ጀምራ ስታያቸው እያንዳንዳቸውን በመልካቸው ትለያቸዋለች።

እግረ መንገዴን፣ የክረምቱ ዝናብ ሲበረታ መብራት እንደሚመላለስብን ታውቃለህ፤ የላፕቶፕህም ባትሪ የቆየ ይሆናል። በዲ ኢኒት ፋይሉ ውስጥ በየወቅቱ ራሱ ሴቭ እንዲያደርግና ቅጂ እንዲያስቀር ማዘዝ ይቻላል፤ ሁለቱንም አብራቸው።

ሠዓሊ ከሂርማታ፦

ከሁለቱ የቱን ለሚለው የእኔ ድምፅ ለስፔስፎክስ ነው፤ በእኔ ዓይን ወለሉ ይበልጥ ዝም ያለ ነው። ሆኖም ምርጫው የሚለየው በራስህ ካርታ ላይ ነውና ሁለቱንም በዚያው ምሽግ፣ በዚያው ቦታ፣ የገበያ ዴፖህ ሰው በሞላበት ሰዓት ስክሪኑን ፎቶ አንሥተህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ከዚያ ለእህትህ አሳያትና ሐኪሙ የት እንዳለ ጠይቃት፤ ቶሎ ያገኘችበትን ያዝ።

ለመሣል ስትዘጋጁ ዋናውን ፒኤንጂ ሳይሆን ቅጂውን ክፈቱ። በጄፔግ ሴቭ አታድርጉት፣ ቀለሙን ያሻማዋል። የምትጠቀሙበት ፕሮግራምም ጠርዙን በራሱ የሚያለሰልስ ከሆነ ያንን አጥፉት፤ በ16 ፒክስል ውስጥ አንዲት የለሰለሰች ነጥብ እንደ ቆሻሻ ነው የምትታየው። አንዳንድ ታይልሴት ከበስተኋላው ደማቅ ሐምራዊ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ እሱ ለጨዋታው «እዚህ ምንም የለም» የሚል ምልክት ስለሆነ እንዳለ ተዉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኩን ሳይሆን በርሜሉን ወይም አልጋውን ሞክሩ፤ አይንቀሳቀስም፣ በሙያም አይለያይም፣ ስለዚህ አንዲት ክፍል ብቻ መሣል ይበቃል። የሠራችሁትን ለማየት ጨዋታውን ዘግቶ መክፈት ያስፈልጋል።

አወቱ ዳር፦

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ሮውን ከቀየርክ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍተው ምሽጉን ከማስቀጠልህ በፊት በጨዋታው ፎልደር ውስጥ «ኤረርሎግ» የሚለውን የጽሑፍ ፋይል ተመልከት። ባዶ ከሆነ ወይም ከቀድሞው የተለየ ነገር ከሌለው ቀጥል። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ተገለጸ የሚሉ መስመሮች ተደርድረው ካየህ አሮጌውና አዲሱ ፋይል ጎን ለጎን ቀርተዋል ማለት ነው፤ ሴቭ ሳታደርግ ዝጋውና ከፍላሹ ያለውን ቅጂ መልሰህ፣ በዚህ ጊዜ አሮጌውን ግራፊክስ ፎልደር አጥፍተህ አዲሱን አስገባ።